ያልገቡት

እኔ ሰውን የማውቀው በእግሩ ነው፣ በጫማው ስለት፤
ሰድበሪ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሞረድኩ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ቤት።
የግራው ስለት ቶሎ ካለቀ፣ ባለቤቱ ዟሪ ነው፤
ጫፉ ከተሸራረፈ፣ ችኩል ነው፣ አባራሪ ነው።
የታውኖ ግን ከውስጥ ጠርዙ፣ ሁለቱም እኩል ያልቃል፤
ወደ ጎን እንጂ ወደ ፊት የማይሄድ ሰው ያስታውቃል።

በዘጠኝ ዓመቱ መጣ፣ የወንድሙን ጫማ አንጠልጥሎ፣
ጋዜጣ ጠቅጥቆበት፣ ማሰሪያውን በሲባጎ ቀጥሎ።
ታላላቆቹ ናቸው መረቡ ፊት የገተሩት፣
በሁለት እግሩ የሱቅ ካታሎግ አስረው «እዚህ ቁም» ያሉት።
አስተማሪዋ «ግብህ ምንድን ነው?» ስትለው
«አራት በስድስት ጫማ» አለ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ግን የምሩን ነው።

አባቱ የኒኬል ቆፋሪ፣ መብራት በግንባሩ አስሮ ይወርዳል፤
ማታ ዝቃጩ ሲደፋ፣ ሰማዩ እንደ ቁስል ይቀላል።
ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው፣ ከመሬት ሆድ በወጣ ቁጥር
ዞሮ ጓዶቹን በጣቱ፣ አንድ ሁለት ብሎ ሲቆጥር
«ስንት ወረድን? ስንት ወጣን?» — ሌላ ነገር አይናገር።

ከዚያ አውቶቡስ። አሥራ አንድ ክረምት አውቶቡስ።
ሞንክተን፣ ፍሊንት፣ ካላማዙ፣
የረጠበ ጓንት ሽታ፣ መስኮት ላይ የሚረጋ እስትንፋስ።
መጀመሪያ ላይ ጭንብል የለም፤ ፊት ነው የሚመክተው፤
በየከተማው አንድ ሐኪም፣ ሲጋራውን ሳይጥል የሚሰፋው።
ሚስቱ አይሊ እንደ ካርታ ታነበው ነበር በጣቷ፣
«ይሄ ፍሊንት፣ ይሄ ሞንክተን»፤ አፏ ይስቃል፣ አይስቅም ዓይኗ።

አንድ ማታ ዲትሮይት ጠራችው። የትልቁ ቡድን በረኛ
እጁ ተሰብሮ፣ ተተኪው በትኩሳት ወድቆ፣ ቢቸግር ሦስተኛ።
አሥራ አንድ ደቂቃ። በቃ።
ሰባት መለሰ፤ በትከሻው፣ በጉልበቱ፣ አንዷን በጉሮሮው።
ስምንተኛዋ ጥቁር ጎማ፣ የገዛ ጓዱን ጫማ ነክታ፣
በሁለት እግሩ መሃል ገባች፣ በሩን ሳታንኳኳ ከፍታ።

ሰድበሪ እሷን ያዘች። ፀጉር ቆራጩ፣ ቄሱ ሳይቀሩ
«ያቺ የገባችዋ…» ብለው ነው ወሬ የሚጀምሩ።
እኔም ብያለሁ። ምን እዋሻለሁ፤ ስለቱን እየሞረድኩ ብያለሁ፤
ፈገግ ብሎ ሳንቲሙን ሲቆጥርልኝ፣ ዛሬም አየዋለሁ።

አባቱ የዚያን ሌሊት ጉድጓድ ነበር፤ ሬዲዮ አልሰማ።
ንጋት ላይ ከአሳንሰሩ ሲወጡ
«ልጅህን አንዷ ገባችበት» አለው ወንድሜ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ሽማግሌው መብራቱን አጠፋ፤ ቆየ፤ ግድግዳ ተደግፎ
«ያልገቡትስ» አለ፣ «ስንት ናቸው?»
ማንም አልቆጠራቸውም። ማን ይቁጠራቸው።

ጉልበቱ በሠላሳ ሦስቱ ቀረ፣ ካላማዙ፣ ተመልካች በሌለበት ልምምድ።
ተመልሶ የአዳራሹን በረዶ ማለስለሻ መኪና ነዳ፤
ሌሎች የቧጨሩትን ይደመስሳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ።

ባለፈው የካቲት መጣ፣ ስድሳ ዓመቱ፣ አሮጌ ጫማውን በከረጢት ይዞ።
«ሳልልኝ» አለ። «ለማን?» አልኩት። ዝም አለ፣ አገጩን በእጁ ይዞ።
የሕይወቱ ስለት ይስመር አይስመር አላውቅም፤
እኔ የማውቀው የብረቱን ነው። ሞረድኩ። ሳንቲም አልተቀበልኩም።

በማግስቱ ራምዚ ሐይቅ ወረድኩ፣ ውሻዬን ላንሸራሽር፤
በረዶው ላይ ዱካ አየሁ፤ የሚሄድ ሰው ዱካ አልነበር።
ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ግማሽ ጨረቃ ሠርቶ፣
ስፋቱ ስድስት ጫማ፣ በረዶው እንደ ዱቄት ተፈጭቶ።
መረብ የለ፤ መቺ የለ፤ ከኋላው ሐይቁ ብቻ።
ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት፤ የእኔው ስለት ነው፣ ከውስጥ ጠርዙ፣ እኩል።

ከዚያ የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ዞር ብዬ አየሁና
ከዳር ጀምሬ፣ ጭረቱን፣ አንድ በአንድ፣
መቁጠር ያዝኩ።